ያን የመሰለ ስፒከር የሚሠራ ቤት እንዴት ይዘጋል?

ደሴ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ የጥገና ቤት አለች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ላይ ይቆማል። ጥር ሲገባ ደጁም ይሞላል። ጥር የሰርግ ወር ነው። የሰርግ ወር ደግሞ ስፒከር የሚቃጠልበት ወር ነው።

ባለፈው ጎራ ስል ወጣቱ ጠጋኝ አንድ ትልቅ የሰርግ ስፒከር ገልብጦ ተቀምጧል። በኛ አገር ይሄን ዓይነቱን ሁሉ ሰው «ሞንታርቦ» ይለዋል። ሞንታርቦ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው። እዚህ ግን የማንም ይሁን የማን፣ ትልቅ ከሆነ ሞንታርቦ ነው። የዚህኛው ስም ከፊቱ ላይ ተፍቋል። ልጁ ድምፁን የሚገፋውን ሾጣጣ ወረቀት ዙሪያውን በምላጭ ቀስ እያለ ቆርጦ አነሳው። ከሥር ያለው ኮይል ከስሏል። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታው ገና አልለቀቀም። ከዚያ ከፀጉር ትንሽ ወፈር የምትል የመዳብ ሽቦ አወጣና በቀጭን ቱቦ ላይ መጠምጠም ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዙር እየቆጠረ ነው። መሀል ላይ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ አሜሪካ ውስጥ ቲል የሚባል የስፒከር ፋብሪካ ነበር አሉ። የወንድማማቾች ነው አሉ። አንዱን ጥንድ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጡት ነበር አሉ። ተዘጋ። እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሠራ ሰው እንዴት ይዘጋል?»

«ዋናው ሰውዬ ሞተ» አልኩት።

«ሰውማ ይሞታል። ፋብሪካ ግን ፋብሪካ ነው» አለኝ። ይሄን ሲል ቆጠራው ጠፋበት። ሽቦውን ፈታና እንደገና ከአንድ ጀመረ።

መልሴ አላረካውም። እኔንም አላረካኝ። ቤቴ ገብቼም ሳስበው ቆየሁ፤ ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አይደለም። ሙሉውን ለመናገር ከስፒከሩ ከራሱ መጀመር አለብኝ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስፒከር ምን እንደሚሠራ

ስፒከር ሲከፈት ቀላል ነገር ነው። ማግኔት አለ። በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ የሽቦ ጥምጥም፣ ማለትም ኮይሉ፣ ይንሳፈፋል። ኮይሉ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። ኤሌክትሪኩ በኮይሉ ሲያልፍ ማግኔቱ አንዴ ይገፋዋል፣ አንዴ ይስበዋል። ወረቀቱ አብሮ ይሄዳል። ወረቀቱ አየሩን ይገፋል። አየሩ ጆሮህ ይደርሳል። አለቀ።

ችግሩ ያለው ድምፅ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ላይ ነው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 ጊዜ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገበውን ይሰማል። በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ የከበሮ ድምፅ አንዱ ማዕበሉ ከ8 ሜትር ተኩል ይበልጣል። ከብዙዎቻችን ሳሎን ይረዝማል። በሴኮንድ 10 ሺህ ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ግን ማዕበሉ ከ3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ያንን ትልቅ ማዕበል ለመግፋት ሰፊና ከባድ ወረቀት ያስፈልጋል። ይሄኛውን ለማርገብገብ ደግሞ ትንሽና ቀላል ጉልላት ይበቃል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይችልም። ስለዚህ ደህና ስፒከር ውስጥ ቢያንስ ሁለት፣ ብዙ ጊዜም ሦስት አሉ። ለወፍራሙ ዉፈር፣ ለመካከለኛው ሚድ፣ ለቀጭኑ ትዊተር።

ማን የትኛውን ድምፅ ይወስዳል? ይሄን የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ይባላል። ከሽቦ ጥምጥምና ከካፓሲተር የተሠራ ወንፊት ነው በሉት። ቀጭኑን ለትዊተሩ ያሳልፋል፣ ወፍራሙን ወደ ዉፈሩ ይመልሳል።

ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ስፒከር አይሠራም። ደሴ ላይ ጎህ ሲቀድ አዛኑም ቅዳሴውም የሚመጣልን በመለከት መሰሉ ስፒከር ነው። እሱ የሰውን ድምፅ እስከ ጦሳ ተራራ ግርጌ ይወረውራል። ሥራው መወርወር ስለሆነ ወፍራም ድምፅ የለውም፤ አይጠየቅምም። የሰርጉ ሞንታርቦ ደግሞ ድንኳን ሙሉ ሰው ማስጨፈር አለበት። ቲል የሚሠራው ከሁለቱም የተለየ ነው። ሳሎን ውስጥ ለተቀመጡ ሁለትና ሦስት ሰዎች፣ የተቀዳውን ነገር ሳይጨምርና ሳይቀንስ መልሶ ማሰማት ነው ሥራው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስታዜም በሁለት ስንኝ መካከል የምትስባት ትንፋሽ አለች። እሷ ትንፋሽ እንድትሰማ ነው ያ ሁሉ ድካም።

የክራሩ «ጠቅ»

አሁን ወደ ቲል ልዩ ነገር ልግባ። ይሄን ካልያዝን የመዘጋቱ ምክንያት አይገባንም።

ክራር የሚመታ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ጥፍሩ ጅማቱን ሲለቀው መጀመሪያ የሚመጣው «ጠቅ» የምትል ቀጭን ነገር ናት። ወዲያው የጅማቱ ዜማ ይከተላል። ከሥሩ ደግሞ የገበቴው ቆዳ ሞቅ ያለ ወፍራም ድምፅ ይሰጠዋል። ሦስቱም ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ቅጽበት ይነሳሉ። ጆሮ ሦስት ብሎ አይቆጥራቸውም። «ክራር» ይላል፣ በቃ።

ስፒከር ይሄን አንድ ድምፅ ቆራርጦ ያከፋፍለዋል። «ጠቅ»ን ለትዊተሩ፣ ዜማውን ለሚዱ፣ ቆዳውን ለዉፈሩ። ሦስቱ እኩል ካልደረሱስ? ድምፅ በአየር ላይ በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛል። ይህ ማለት በሴኮንድ አንድ ሺህኛ 34 ሴንቲ ሜትር ነው። የዉፈሩ ኮይል ከትዊተሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ከተቀመጠ ድምፁ በዚያው ልክ ይዘገያል። ከዚህ የሚብሰው የወንፊቱ ጉዳይ ነው። ወንፊቱ በጠበቀ ቁጥር ዱቄቱ ይዘገያል። ክሮስኦቨሩም ድምፁን በኃይል በቆረጠው ቁጥር ጊዜውን ያዛባዋል።

ብዙ ፋብሪካዎች ኃይለኛውን ወንፊት ይመርጣሉ። የድምፁ ርግብግቢት የትዊተሩ ክልል ካበቃበት በግማሽ ሲወርድ ኃይሉን 24 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይቀንሱታል። ያ ማለት ወደ ትዊተሩ የሚሄደው ቮልቴጅ 16 እጥፍ ያንሳል ማለት ነው። ትዊተሩ ከማይችለው ወፍራም ድምፅ ይጠበቃል። አይቃጠልም። ዲዛይኑም ይቀላል።

ቲል ተቃራኒውን መረጠ። በጣም ለስላሳውን ወንፊት፣ 6 ዴሲቤል ብቻ የሚቀንሰውን። ይሄኛው ቮልቴጁን በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው። በስሌት ስትሄዱ፣ የተቆራረጠውን ድምፅ ጊዜውንም መጠኑንም ሳያዛባ መልሶ የሚገጣጥመው እሱ ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ትዊተሩ ከክልሉ በታች ያለውን ድምፅም መሸከም አለበት። ዉፈሩም ከክልሉ በላይ ወጥቶ ሳይንጫጫ መጫወት አለበት። ሁሉም ከጎረቤቱ ማሳ ገብቶ እንዲያርስ ይጠየቃል። ገበያ ላይ ያለ ተራ ትዊተር ይሄን አይችልም። ስለዚህ ቲል ውሎ አድሮ የራሱን ዉፈርና ትዊተር ራሱ ወደ መንደፍና ወደ መሥራት ገባ።

የስፒከሩ ፊትም ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነበር። ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትዊተሩ ላይኛው ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ፊቱ ሲጋደል ትዊተሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከዉፈሩም ጋር እኩል ይሰለፋል። ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ላይ ሦስቱ አብረው ይደርሳሉ። ሞዴሎቹ የሚጠሩበት «ሲ ኤስ» የሚል ምልክትም ይሄንኑ ሐሳብ የያዘ ነው፤ ከአንድ ምንጭ የወጣ፣ የተስማማ ድምፅ ለማለት።

ይሄን የጊዜ ነገር ጆሮ በእርግጥ ይለየዋል ወይ የሚል ክርክር አለ። ብዙ መሐንዲሶች የሚቀድመው የድምፁ ሚዛንና በክፍሉ ውስጥ የሚሰራጭበት መንገድ ነው ይላሉ። ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። ለኛ ጥያቄ ግን ዋናው ማን ትክክል ነው የሚለው አይደለም። የቲል ደንበኛ ቲልን የሚገዛው ለዚህ ነገር ብሎ መሆኑ ነው።

ሦስት ሰዎች

ቲል ኦዲዮ የተመሠረተው በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ኬንታኪ በምትባለው የአሜሪካ ግዛት፣ ሌክሲንግተን ከተማ ነው። መሥራቾቹ ሦስት ናቸው። ጂም ቲል፣ ወንድሙ ቶም ቲል እና ካቲ ጎርኒክ። ጂም የሚነድፈው ነው። ቶም የእንጨት ሰው ነው፤ ሳጥኑን የሚያሠራው እሱ ነበር። ካቲ ሽያጩንና ከውጭ ሰው ጋር ያለውን ሥራ ያዘች። ኋላም የመላ አሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ አምራቾች ማኅበር የቦርድ ሰብሳቢ እስከ መሆን ደርሳለች። አንዱ ይነድፋል፣ አንዱ ይሠራል፣ አንዷ ትሸጣለች። እንዲህ የተከፋፈለ ቤት ሲገጥም እንዴት እንደሚሄድ እዚህ ደሴም አይተናል።

ዝናቸው ያደገው በ1983 በወጣው ሲ ኤስ 3 ነው። ጂም ቶሎ የሚጨርስ ሰው አልነበረም። ሲ ኤስ 3.6 በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወጣ። ተከታዩ ሲ ኤስ 3.7 እስኪወጣ ከ10 ዓመት በላይ አለፈ። በዚህ የመጨረሻ ትልቅ ሥራው ትዊተሩን ከሚዱ መሀል ላይ ተከለው። ሁለቱ ድምፆች ከአንድ ነጥብ እንዲወጡ ነው። የሚዱ ፊት እንደ ሌላው ስፒከር ሾጣጣ አይደለም። ዝርግ አልሙኒየም ነው፣ እንደ ቆርቆሮ ጣራ የተሸነሸነ። ሽንሽኑ ሳይወፍር እንዲጠነክር ያደርገዋል። የሳጥኑ ጎኖች ከተደራረበ ስስ እንጨት ጎበጥ ተደርገው ተሠሩ። ዋጋው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ደረሰ። በዛሬ ምንዛሬ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ነው።

እንከኑንም ልናገር። የቲል ስፒከሮች ለአምፕሊፋየር ከባድ ነበሩ። አንዳንዶቹ ከ3 ኦም በታች ይወርዳሉ። ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚከለክልበት መጠን ነው፤ ሲያንስ ስፒከሩ ብዙ ከረንት ይጠጣል። ደካማ አምፕ ይሞቃል፣ ያንቃል። ስለዚህ ስፒከሩን የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ከባድና ውድ አምፕም መግዛት ነበረበት። ይሄ በራሱ የገዢውን ቁጥር ያሳንሳል።

ሙያ በልብ ሲቀር

ጂም ቲል በመስከረም 2009 በካንሰር ሞተ።

እዚህ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ልጁ «ፋብሪካ ግን ፋብሪካ ነው» ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ።

ወሎ ውስጥ የእባብ መድኃኒት የሚያውቅ ሽማግሌ የሌለበት ቀበሌ አልነበረም። ቅጠሉን ሲቆርጥ ማንም አያየውም። «ሙያ በልብ ነው» ይላል። ድንገት ይሞታል። ቅጠሉ ከቤቱ ጓሮ እንደበቀለ ነው፤ ሁሉም ሰው በየቀኑ ያልፍበታል። የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

የቲልም ነገር በመጠኑ እንዲህ ነው። ጂም ሚስጥር ደብቋል እያልኩ አይደለም። ሐሳቡን በግልጽ ይናገር ነበር፣ ለጠየቀው ሁሉ ያስረዳ ነበር። ለስላሳው ወንፊትም የሱ ብቻ አይደለም፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሪቻርድ ቫንደርስቲን የሚባል ሰው በዚያው ዘመን ተመሳሳዩን መንገድ ይዞ ሄዷል። የማይጻፈው ሌላ ነገር ነው። ከመቶ ካፓሲተር የትኛው፣ ወረቀቱ የት ጋ ሲንጫጫ ምን እንደሚጨመር፣ መለኪያው «ደህና ነው» ሲል ጆሮ ደግሞ «ቆይ» ሲል ማንን መስማት እንዳለብህ። ይሄ በ30 ዓመት ሥራ በአንድ ሰው ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ስፒከሩን የሚገጣጥሙ ሠራተኞች ነበሩ፣ በሚገባ ይገጣጥማሉም። አዲስ ስፒከር የሚነድፍ ግን እሱ ነበር።

ከሞተ በኋላም ፋብሪካው ወዲያው አልቆመም። እሱ ትቶት ከሄደው ሥራ የተወለደ ሲ ኤስ 2.7 የሚባል ሞዴል በ2012 ወጣ። ይሄ ግን ጎተራ ውስጥ የቀረ እህል ነው። ከዚያ በኋላ የሚዘራ የለም።

ነገሩን ከኛ ጋር ሳስተያየው ቅኝቶቻችን ይመጡብኛል። ባቲና አምባሰል ስማቸውን የወሰዱት ከዚሁ ከወሎ ነው። ማንም በፋብሪካ አላስመዘገባቸውም። ግን አዝማሪው ሲሞት አምባሰል አይሞትም፤ ምክንያቱም በሺህ ሰው ጉሮሮ ውስጥ አለ። የመንዙማውም ዜማ እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሼህ ሲያልፉ ከፊታቸው ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ያደገ ደረሳ ይቀጥለዋል። ጂም አጠገብ ተቀምጦ እያጨበጨበ ያደገ ነዳፊ ግን አልነበረም።

ሽያጩ

በ2012 መጨረሻ ኩባንያው ተሸጠ። የገዙት የግል ኢንቨስተሮች ናቸው። እነዚህ ገንዘብ አሰባስበው ነባር ኩባንያ ይገዛሉ፣ ያሳድጉታል፣ በትርፍ ይሸጡታል። ሥራቸው ይሄ ነው፤ ነውርም የለበትም። ሊገድሉት ገዙት ብዬ አላምንም። ገንዘቡን አውጥቶ የገዛውን ነገር መሞት የሚፈልግ የለም።

ያዩት ስሙን ነው። 35 ዓመት የኖረ፣ የተከበረ ስም። ፋብሪካውን ከሌክሲንግተን አንስተው ናሽቪል ወሰዱት። ናሽቪል የሙዚቃ ከተማ ናት፤ ለማስታወቂያ ታምራለች። ግን ፋብሪካ ሲነሳ ግድግዳው አይደለም የሚቀረው። ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ነው የሚቀረው፤ ቤቱን ሸጦ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ሌላ ግዛት የሚከተል ሠራተኛ ጥቂት ነው። የሥራ አመራሩም በጥቂት ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ተቀያየረ።

ከሁሉ የሚብሰው ቀጥሎ የመጣው ነው። አዲስ ነዳፊ ተቀጠረ፣ አዲስ ስፒከሮች ወጡ። በነሱ ውስጥ ያ ለስላሳ ወንፊት የለም። እንደ ሌላው ፋብሪካ ኃይለኛው ወንፊት ገባ። ጋደል ያለውም ፊት ቀረ።

አዲሶቹ ስፒከሮች መጥፎ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ሊገባን የሚገባው ሌላ ነው። አንድ ስመ ጥር የማሲንቆ ሠሪ ነበር እንበል። ሞተ። ስሙን የገዛው ሰው የፈረስ ጭራውን ትቶ ናይሎን ወጠረበት። ናይሎኑ ላይበጠስ ይችላል፣ ድምፁም ሊጎላ ይችላል። ግን የድሮው ደንበኛ ከሩቅ መጥቶ የሚገዛው ለፈረሱ ጭራ ነበር። እሱ አይመለስም። አዲሱ ደንበኛ ደግሞ ናይሎን ከፈለገ በየሱቁ ሞልቷል፤ ለስሙ ብሎ የሚጨምርበት ምክንያት የለውም። ቲል የገጠመው ይሄ ነው። የድሮውን ወዳጅ አጣ፣ አዲሱን አላገኘም። በ2018 ተዘጋ።

ዘመኑም አልረዳውም

ሁሉን ነገር በገዢዎቹ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ገበያው ራሱ ከሥር እየተናደ ነበር።

በ2008 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲናጋ በመጀመሪያ የሚቀረው የቅንጦት ዕቃ ነው። ዘፈኑ ከሲዲ ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገባ። ሰው ሙዚቃ የሚሰማው እየሄደ፣ እያበሰለ፣ መኪና ውስጥ ሆነ። ሁለት ከባድ ስፒከር ሳሎን ተክሎ፣ ፊት ለፊታቸው ወንበር አስቀምጦ ለአንድ ሰዓት ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው አነሰ። ብሉቱዝ ስፒከር እዚህ ደሴም በየሱቁ ደርድረው ይሸጡታል፤ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይውላል።

ሌላው ብዙም የማይነገርለት ነገር የሱቆቹ መቀነስ ነው። እንዲህ ያለ ስፒከር በፎቶ አይሸጥም። ባለሱቁ ጸጥ ያለ ክፍል ያዘጋጃል፣ ደህና አምፕ ይገጥማል፣ ደንበኛው ሻይ እየጠጣ የራሱን ዘፈን ያስከፍታል። ከዚያ ነው ወስኖ የሚገዛው። ያ ክፍል ኪራይ አለው። ገዢ ሲቀንስ ክፍሉ ይዘጋል፤ ክፍሉ ሲዘጋ ገዢው ከናካቴው ይጠፋል። ቲል ደግሞ ከማንም በላይ ይሄ ክፍል ያስፈልገው ነበር፤ የክራሩን «ጠቅ» በወሬ ማስረዳት አይቻልማ።

ታዲያ ሌሎቹ እንዴት ኖሩ?

ልጁ ይሄን እንደሚጠይቀኝ አውቄ አስቀድሜ አሰብኩበት። በዚያው ገበያ፣ በዚያው ዘመን የኖሩ አሉና።

ዊልሰን ኦዲዮን እንይ። ዩታ ግዛት ያለ፣ ዴቪድ ዊልሰንና ባለቤቱ ሼሪል ሊ በ1974 የመሠረቱት ቤት ነው። ስፒከሮቹ ከቲል እጅግ ይወደዳሉ። ዴቪድ የሞተው በ2018 ነው፣ ልክ ቲል በተዘጋበት ዓመት። ኩባንያው ግን ቀጠለ። ምክንያቱም ልጁ ዳሪል በቤቱ ውስጥ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ፣ አባቱ በሕይወት እያለ፣ በ2016 መሪነቱን ተረክቧል። ሲነድፍ አባቱ አይቶታል፣ አርሞታል። ደንበኛውም የልጁን ሥራ አባትየው ሳይሞት ለምዶታል።

ደም ብቻ ነው የሚያወርሰው ወይ? አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ሃርበዝ የሚባል አለ። የመሠረተው ደድሊ ሃርውድ የቢቢሲ መሐንዲስ ነበር። ስሙን የሠራው የራሱን ስም ግማሽ ከሚስቱ ከኤልዛቤት ስም ጋር ቀጥሎ ነው። ይሄን ሳውቅ ደስ ብሎኛል፤ የጋብቻ ቀለበት የመሰለ የፋብሪካ ስም ነው። በ1986 አላን ሾው ለሚባል ሰው ሸጠው። ገዢው ዘመድ አልነበረም። ግን የገዛው ስሙን ብቻ አልነበረም፤ ሐሳቡን ወዶ ነው የገዛው። የቢቢሲን መንገድ ይዞ ራሱ መንደፍ ቀጠለ፣ ሃርበዝም እስከ ዛሬ አለ።

ስለዚህ ነገሩ ኩባንያው ተሸጠ አልተሸጠ አይደለም ባይ ነኝ። ነዳፊው ዓይኑ ሳይከደን ከጎኑ ሌላ ነዳፊ ተቀምጧል ወይ? የገዛውስ ሰው ሰዎች ያን ዕቃ ለምን እንደሚወዱት ገብቶታል ወይ? ለቲል የሁለቱም መልስ «አይደለም» ነበር።

ስፒከሩ ያለው ሰውስ?

ፋብሪካ ሲዘጋ በሰው ቤት ያሉት ስፒከሮች አብረው አይዘጉም። ቲሎች ዛሬም በየቤቱ እየዘፈኑ ነው። ጭንቁ ሲበላሹ ነው። ፋብሪካው ዉፈርና ትዊተሩን ራሱ ይሠራ ስለነበር ምትክ ከገበያ አይገኝም። መሀሉ ላይ ትዊተር የተተከለበትን ያን ሽንሽን ሚድ ማንም ሌላ ሰው አይሠራውም። ሌላ ቢገጥሙበት ደግሞ ያ ሁሉ የጊዜ ስሌት ይፈርሳል።

ያገለገለ የታወቀ ስፒከር ልግዛ የሚል ሰው፣ የትኛውም ስም ይሁን፣ ይሄን ያስብበት። ፋብሪካው አለ? ከሌለ መለዋወጫ የያዘ ሰው አለ? ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱን ስፒከር በዝግታ ከፍታችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ። የሚንኮሻኮሽ ካለ ኮይሉ ከማግኔቱ እየተነካካ ነው። በጣታችሁ ወረቀቱን በእኩል ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት፤ በለስላሳ ሄዶ መመለስ አለበት። የትዊተሩን ጉልላት ግን እንዳትነኩት።

ለቲል ባለቤቶች አንድ ደህና ነገር ተገኝቷል። በፋብሪካው የጥገና ክፍል ለረጅም ዓመታት የሠራ ሰው፣ ፋብሪካው ከሄደ በኋላ እዚያው ሌክሲንግተን ጥገናውንና መለዋወጫውን ይዞ ቀጠለ። የተበላሸውን ይልኩለታል፣ ሠርቶ ይመልሳል።

ባለፈው ሳምንት ወደ ጥገና ቤቷ ተመልሼ ይሄን ሁሉ ለልጁ አወራሁለት። ሌላ ስፒከር ይዞ ነበር። ታናሽ ወንድሙ ከጎኑ ተቀምጦ የሽቦውን ጥቅልል ይለቅለታል። ስለ ገዢዎቹ ስነግረው ብዙም አልገረመውም። ስለ ሽንሽኑ አልሙኒየም ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሌክሲንግተን ስለቀረው ጠጋኝ ስነግረው ግን ሥራውን አቁሞ አየኝ።

«ብቻውን ነው የሚሠራው?» አለኝ።

«ፋብሪካው የለም እኮ» አልኩት።

«የሚዱ ኮይል ሲቃጠልበት ሽቦውን ከየት ያመጣል? እንደኛ ከአሮጌ ይፈታል ወይስ ያው ፋብሪካው የሚጠቀምበት ቀርቶለታል?»

ከፋብሪካው የተረፈ መለዋወጫ ይዟል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረና «ስንት ላይ ነበርን?» አለው።

«ሠላሳ አራት» አለ ትንሹ።

«ሠላሳ አምስት» ብሎ ቀጠለ።